ጀልባው ደህና ነው

የአገሬን ሰው ከመቃብር ቀስቅሳችሁ «እንዴት ነህ?» ብትሉት፣ መጀመሪያ የሚመልስላችሁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው። ቀጥሎ «እናንተስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» ይላል። መሞቱን የሚነግራችሁ ተሰነባብታችሁ ልትሄዱ ስትሉ ነው። ያውም «አይ፣ ትንሽ አፈሩ ከበደኝ እንጂ ሌላውስ ደህና ነው» ብሎ!

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ከባጃጅ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረው ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። እግሮቹ በጀሶ ተጠቅልለው ወደ ላይ ተሰቅለዋል። «እንዴት ነህ?» አልኩት። «በጣም ደህና ነኝ!» አለኝ። በጣም እኮ ነው የሚለው! ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየና «ምነው አንተ ግን ከሳህ?» ብሎ፣ እንደተሰቀለ ስለ እኔ ሲጨነቅ ዋለ።

እኔ ደግሞ ከእሱ እብሳለሁ፤ ምክንያቱም የእኔ «ደህና ነኝ» በሙያ የተደገፈ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ የሆቴል መስተንግዶ አስተምራለሁ። እንጀራዬ ወጣቶችን ፈገግ ብለው «ሁሉም ደህና ነው» ማለት ማሠልጠን ነው። ወጥ ቤቱ ይቃጠል፣ ቧንቧው ይፈንዳ፣ እንግዳ ፊት ፈገግ ነው! ንግግርም አስተምራለሁ። እኛ ጎጃሜዎች ቤታችን ውስጥ «ሄድሁ፣ መጣሁ» ነው የምንለው። ለእንግዳ ሲሆን ግን «ሄድኩ፣ መጣኩ» እንዲሉ... ይቅርታ፣ «መጣኩ» አይባልም፤ አያችሁ ችግሩን? ብቻ «ኩ» የክት ልብሳችን ናት። ይሄን ጽሑፍ ራሱ በ«ኩ» የምጽፍላችሁ እንግዶቼ ስለሆናችሁ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለቤቴ ይታይሽ የእህል ጥራት ባለሙያ ናት። ስንዴ እፍኝ ሙሉ አንስታ ስታሸት፣ ስታሸት፣ ፊቷ ይበራል፤ እኔን ስታይ እንኳ እንደዚያ አይበራም። መሥሪያ ቤቷ ድንገት ተነሣና የቆላ ድባ ቅርንጫፍን በተጠባባቂነት ምሪ ብሎ ላካት። እንግዲህ እኛ ከጣና በደቡብ፣ እሷ በሰሜን ሆነች። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ መካከላቸው ትራስ ያደርጋሉ ይባላል፤ እኛ ሳንኮራረፍ ሐይቅ አደረግን።

ሰባታሚት ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና አባቷ፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነን። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘጌ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ካረጁ በኋላ ከእኛ ጋር ናቸው። ቅኔ ሲቆጥሩ የሚውሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ግን... ስለ ጆሯቸው ትንሽ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ይታይሽ በየምሽቱ ትደውላለች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ! ምን እሆናለሁ?»

«በላህ?»

«በልቻለሁ!»

«ቤቱስ አልከበደህ?»

«ኧረ ምን በወጣው! አንችስ?»

«ደህና ነኝ። ምን እሆናለሁ?»

ስልኩን ስዘጋ ምን እንደምሆን ልንገራችሁ። ሻይ አፍልቼ ጨው እጨምርበታለሁ። አንዴ ተሳስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ጨው መሆኑን አውቄ፣ ደፍቼ፣ ሌላ አፍልቼ፣ እንደገና ጨው! ጠዋት ጫማዬ ብዬ ያጠለቅኩት የእሷ ነጠላ ጫማ ሆኖ፣ ተረከዜ መሬት እየጠረገ ክፍል ገብቼ ስለ አለባበስ ሥርዓት አስተምሬያለሁ። ደረቴን የሆነ ነገር ይጫነኛል። ስልክ ሲጮህ ልቤ ከስልኩ ቀድሞ ይጮሃል። በአጭሩ፣ ሚስቴ ናፍቃኝ ልሞት ነበር፤ እሷ ስትጠይቀኝ ግን «ደህና ነኝ»!

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተረከዜን አይቶ አዘነልኝ። «አሁን እኮ በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ» አለኝ። «ጭንቀት ቢባል፣ የኑሮ ለውጥ ቢባል፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው የምትታከመው።» ቤቴ ቁጭ ብዬ የምትለዋን ወደድኳትና ተመዘገብኩ። ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት የቅርብ ሰው አስመዝግብ ሲሉኝም ይታይሽን አስመዘገብኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አማካሪዬ አዲስ አበባ ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት፤ ወይዘሪት ሰብለ። እሷ ዶክተር አይደለሁም ብትልም እኔ ዶክተር እላታለሁ፤ ለማላውቀው ሰው ችግሬን ከምነግር ለዶክተር ብነግር ይሻለኛል።

«በመጀመሪያ ስምዎን ቢነግሩኝ?»

«ስማቸው።»

«የማን ስማቸው?»

«የእኔ።»

«እኮ የእርስዎ ማን?»

«ስማቸው!»

የሆነ ነገር ስትጽፍ ይሰማኛል። ኋላ ተሳስቀን እንደነገረችኝ፣ «ስለ ራሱ ሲናገር እንደ ሌላ ሰው፣ ያውም በአክብሮት ነው» ብላ ነበር የጻፈችው።

«እሺ አቶ ስማቸው፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«አዲስ አበባስ? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ? እናት አባትስ በሕይወት አሉ?»

ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር? ሰላምታ ሳይጠና ችግር አይወራማ! አባቷ ደህና ናቸው፤ እናቷን ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው። አዘንኩ። ቀኝ ነው ግራ አልኩ። ደረጃ ይወጣሉ ወይ አልኩ። የእናቷን ጉልበት አንሥተን ስንጥል ሰዓታችን አለቀ። ስንሰነባበት ድምፅዋ ቀለል ብሎት ነበር። እሷስ ሳትድን አልቀረችም።

በሁለተኛው ቀን አምርራ መጣች።

«አቶ ስማቸው፣ ዛሬ አንድ ስምምነት እናድርግ። 'ደህና ነኝ' አይባልም።»

«እሺ።»

«'እግዚአብሔር ይመስገን' ማለትም ለጊዜው ይቅርብን።»

«ምን አለች?!»

ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም! ግድግዳው ነው! ቀስ ብሎ በሩ ተከፈተና መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ስለ ጆሯቸው ቆይታችሁ ትሰማላችሁ ብያችሁ አልነበር? ምሳ ቀርቧል ስላቸው የማይሰሙኝ ሰው፣ ከአዲስ አበባ በግድግዳ አልፎ የመጣውን ሰምተዋል።

«ማን ናት እሷ፣ እግዚአብሔር አይመስገን የምትል?»

«አባባ፣ እንደዚያ ማለቷ አይደለም...»

«በሁለት ጆሮየ ሰማሁ'ኮ!»

«አቶ ስማቸው፣ አጠገብዎ ሰው አለ እንዴ?» ትላለች ሰብለ።

«ኧረ የለም» እላለሁ፣ ፈገግ ብዬ፤ እንግዳ ፊት ነዋ!

«የለም ትላለህ እኔ ቁሜ?» ይላሉ መሪጌታ።

ስልኩን ዘግቼ ላስረዳቸው ተቀመጥኩ።

«አማካሪ ናት፣ አባባ። የውስጤን የምነግራት።»

«የውስጥህን? የንስሐ አባት ቀየርህ?»

«ኧረ አልቀየርሁም!»

«ታዲያ የውስጥህን ኸነገርሃት ምን ቀኖና ሰጠችህ?»

«በረጅሙ ተንፍስ ብላኛለች።»

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እስካሁን ሳትተነፍስ ነበር የኖርኸው?»

«በአፍንጫ አስገብቶ፣ ያዝ አድርጎ፣ በአፍ ማስወጣት ነው።»

«ስግደት የለ፣ ጾም የለ... መተንፈስ ብቻ?» አሰቡ። መቋሚያቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወሩ። «እኔንም አገናኘኝ።»

ለሰብለ ይሄን ሁሉ ስነግራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ማንም የማይሰማዎት ቦታ ይፈልጉ» አለችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ማንም የማይሰማህ ቦታ! ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርሽ...» ስል ከኋላዬ አንዱ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። የድሮ ተማሪዬ፣ የአሁን አስተናጋጅ።

«ቲቸር! ደህና ነዎት?»

«በጣም ደህና!» አልኩት፣ ጥርሴን በሙሉ አሳይቼ። ፈገግታው ራሴ ያስተማርኩት ነው፤ እሱም በራሴ ፈገግታ መለሰልኝ።

«አቶ ስማቸው» አለችኝ በጆሮዬ ሰብለ፣ «ተስማምተን አልነበር?»

የዚያኑ ዕለት ማታ ይታይሽ ደወለች። ድምፅዋ ከወትሮው ቀጠን ብሏል።

«ስማቸው፣ ሹመቱን በቋሚነት ሊሰጡኝ ነው። ሰኞ ፈርሚ አሉኝ።»

ደረቴ ላይ ያ ነገር ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ጎሽ! እንኳን ደስ ያለሽ!» አልኳት።

«ከፈረምሁ መመለስ የለም። እዚሁ መቅረቴ ነው።»

«እህ... ይመቻል።»

«አንተ ደህና ነህ አይደል?»

እንግዲህ ሰው ነኝ የምል ከሆነ እዚህ ላይ ነበር መናገር። አንድ ቃል! አፌም ተከፍቶ ነበር። «ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ!» ብሎ ተዘጋ።

«እንግዲያው ሰኞ እፈርማለኋ» አለች።

ቅዳሜ መሪጌታ ለበዓል ዘጌ መሄድ ፈለጉና አድርሰኝ አሉኝ። ጀልባ ውስጥ ስንገባ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። ምእመናኑ ነጠላቸውን ተከናንበው ፊት ፊቱን ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ማንም የለም። ጩኸቱም የቤንዚኑ ሽታም አያስቀምጥማ! እንዲያውም ሞተሩ እዚያ እየጮኸ፣ እንኳን ሰው መሪጌታም አይሰሙኝም። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ለችግሬ የሚሆን ቦታ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው! መሪጌታን ፊት፣ ከአንዲት እማሆይ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። እኔ ኋላ ሄጄ ማዳመጫዬን ሰክቼ ደወልኩ።

«ዛሬ ማንም የለም?» አለችኝ ሰብለ።

«ማንም!»

«ድምፅዎ በደንብ አይሰማኝም። የምን ጩኸት ነው?»

«ሞተር ነው! ልጮህ እችላለሁ!»

«ጥሩ፣ ጮክ ይበሉ። ሰኞ ባለቤትዎ ቢፈርሙ ምን ይሆናል?»

«ጥሩ ነው! ሹመት ነው! ይመቻታል!»

«እሱ ስለ እርሳቸው ነው። እርስዎ ምን ይሆናሉ?»

ውሃውን አየሁት። የትም ዞር ብል ውሃ ነው፣ ማዶው አይታይም። ከማዶው ወዲያ ይታይሽ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች።

«እየሰመጥኩ ነው የሚመስለኝ» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«እየሰመጥኩ የሚመስል ስሜት እየተሰማኝ ነው!»

«አቶ ስማቸው፣ ይሄ የመጽሐፍ አማርኛ ነው። 'የሚመስል' የምትለዋን ይተዋት። ቤትዎ ቢሆኑ እንዴት ነበር የሚሉት? በራስዎ አማርኛ ይንገሩኝ። ጮክ ብለው!»

የሆነ ነገር ከሆዴ ተነሣ። «ኩ»ን ገፍትሮ፣ ፈገግታዬን ገፍትሮ፣ ሙያዬን ገፍትሮ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

«ሰመጥሁ!» አልኩ። «ሰመጥሁ! አለቅሁ! ኧረ የሰው ያለህ!»

እዚህ ላይ እኔ ያላወቅኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እምቦጭን ታውቁታላችሁ፤ ያ ጣናን ያለበሰው አረም። ያ አረም የጀልባችን ሞተር ላይ ተጠምጥሞ፣ ነጂያችን ሊያጸዳው ሞተሩን አጥፍቶታል። መቼ? ልክ እኔ ዓይኔን ስጨፍን። ጆሮዬ ደግሞ በማዳመጫ ተደፍኗል። ስለዚህ ተሳፋሪው ያየውና የሰማው ይሄን ነው፦ ጀልባዋ ሐይቁ መሐል ቀጥ አለች፤ ጸጥታ ሆነ፤ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቆሞ «ሰመጥሁ! አለቅሁ! የሰው ያለህ!» አለ።

ዓይኔን ስገልጥ አገር ተቀውጧል!

«እግዚኦ!» «ኪዳነ ምሕረት እናቴ!» «ወየው ልጆቼ!» ነጂው «አረም ነው! አረም ነው!» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ብርቱካናማዎቹን የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ፍለጋ ሲሯሯጡ፣ ለካ ነጂው ትራስ አድርጎ ተቀምጦባቸው ኖሯል። አንዱን ጎትተው ሲያወጡት እሱ ከነ መሪው ተንከባለለ። ጀልባዋ ሰው ወደ ቀኝ ሲሮጥ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሮጥ ወደ ግራ ዘመም ትላለች፤ ይኸው ልትገለበጥ ነው ብሎ ደግሞ ሌላ ጩኸት!

ከዚያ ኑዛዜው ተጀመረ። መጀመሪያ ደልደል ያሉ ቅቤ ነጋዴ፣ እትዬ ጥሩሰው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ጌታየ ማረኝ! ቅቤው ላይ ሙዝ ቀላቅያለሁ!»

እማሆይ ጸሎታቸውን አቋርጠው ዞሩ። «የትኛው ቅቤ ላይ?»

«ሁሉም ላይ!»

«በበዓል ለላክሽልኝም?»

«ለእርስዎ ትንሽ ነው ያደረግሁት፣ እማሆይ!»

እኔም የእሳቸው ደንበኛ ነኝ። ይታይሽ «ይሄ ቅቤ ምን ምን ይላል?» ስትል «አፍንጫሽ ነው» እላት ነበር። የእህል ጥራት ባለሙያ እኮ ናት!

ይሄን ስብሰለሰል መሪጌታ ሕዝቡን በመቋሚያቸው እየከፈሉ ደረሱ። ጃኬቱን በራሳቸው አጥልቀው አንገታቸው ላይ ቀርቷል። ክንዴን ለቀም አደረጉኝ።

«ስማቸው ልጄ! ኸመሞታችን በፊት የምነግርህ አለ!»

«አባባ፣ ቆይ፣ እየሰመጥን አይደለም...»

«ዝም በል! ይታይሽ ደህና አይደለችም!»

«ምን?»

«አንተ ሥራ ስትሄድ በየቀኑ እየደወለች ታለቅሳለች። 'እሱ ያለ እኔ ተመችቶታል፣ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ፣ ምን ብየ ልመለስ?' ትላለች። ለስማቸው እንዳትነግረው ብላ አስምላኝ ነበር። እኔ ግን ልንገርህ፣ መሐላ ታቅፌ ውሃ ውስጥ አልገባም!»

እነዚያ ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» የምትልባቸው ማታዎች ትዝ አሉኝ። አንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ! ለካ ሁለታችንም ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ ሆነን አንድ ጨዋማ ሻይ ስንጠጣ ነበር።

ነጂው በመጨረሻ መቀመጫው ላይ ቆሞ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ዝም በሉ! ጀልባዋ ደህና ናት! እምቦጭ ነው!» ጸጥ አለ። «ሰመጥሁ ያለ ማነው?»

ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ነኝ።»

«የት ነው የሰመጥኸው?»

«በውስጤ።»

«የት ውስጥ?»

«በ... በሐሳብ።»

ነጂው ግንባሩን ያዘ። «አንተ ሰው፣ በሐሳብ የሰመጠ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል እንጂ ጣና መሐል የሰው ያለህ ይላል?» እትዬ ጥሩሰው በበኩላቸው የሚያዩኝ አስተያየት... ሐይቁ ውስጥ ብሰምጥ ይሻለኝ ነበር። አንዴ ተናዝዘዋል፤ ሙዙ ደግሞ ወደ ሆድ አይመለስ!

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ሰብለ መስላችሁ? ሰብለ በማዳመጫው «ሰመጥሁ» ስል ጎበዝ እያለች፣ ወዲያው የአንድ ጀልባ ሙሉ ሕዝብ እግዚኦታ ሰምታ፣ ስልኩም ተቋርጦባት፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ብዬ ላስመዘገብኩት ሰው ደውላለች። ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ አሁን ልቀቋት።

«ስማቸው!» አለች ይታይሽ። ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ስማቸው፣ ደህና ነህ?»

እንግዲህ አስቡት። ጀልባው በሙሉ ያየኛል። መሪጌታ በጃኬቱ መሐል አሻቅበው ያዩኛል። አፌ በልማዱ ተዘጋጀ። ፈገግታዬም መጣ።

«ደ...» አልኩ።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ እናት ነው የነቀነቁት።

«ደህና አይደለሁም» አልሁ።

«ወየው! እየሰመጣችሁ ነው?»

«ጀልባው ደህና ነው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንሁ።»

እኔ አንዴ ጀመርሁ። «ሹመቱን ተይ አልልሽም። ብቻ ደህና ነህ ወይ ስትይኝ ስዋሽሽ ነው የከረምሁ። ሻይ በጨው ነው የምጠጣ። ጫማሽን አድርጌ ነው ክፍል የምገባ። ያላንች አልቻልሁም፣ ይታይሽ።»

«የእኔን ጫማ?»

«አዎ።»

«እሱ'ኮ ጠባብ ነው» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሲያልቅላት ደግሞ «እኔም ደህና አይደለሁም» አለችኝ። «ከመጣሁ ስንዴ በእጄ አልነካሁም። ስብሰባ ብቻ ነው፣ ስማቸው! አንድ ቀን ነይ ይለኛል ብየ ስጠብቅህ... ስጠብቅህ...»

«ነይ!»

«ምን አልህ?»

«ነይ አልሁሽ!»

እትዬ ጥሩሰው፣ ያን ሁሉ ንዴታቸውን ረስተው፣ እልልታውን አቀለጡት። ጀልባው በጭብጨባ ተከተላቸው። ነጂው ብቻ ነው ያላጨበጨበው፤ እጁ በአረም ተይዞ ነበር።

ሰኞ ይታይሽ አለቃዋ ዘንድ ገባች። እሱም እንደ ደንቡ «ደህና ነሽ?» አላት። «አይደለሁም» አለችው። ሰውዬው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ተብሎ አያውቅምና ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት። ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መልሶ፣ በሳምንቱ ወደ ድሮ ቦታዋ፣ ወደ ስንዴዋ ላካት። ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ቅቤውን አሽትታ እኔን ማየት ነው። ምንም አላልኩም።

መሪጌታ ለሰብለ በየሳምንቱ ይደውሉላታል። «ያቺ መተንፈስ የምታዝዘው ልጅ» ነው የሚሏት። ለእናቷ ጉልበትም ጠበል ልከውላቸዋል። እኔም የመጨረሻ ቀጠሮዬ ላይ «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «አቶ ስማቸው!» አለች። «የእውነቴን ነው!» አልኳት። እስኪያምኑኝ ድረስ፣ እሷም፣ በግድግዳው በኩል ያሉትም፣ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚህ በኋላ በ«ሁ» ልቀጥል፤ ጉዴን ሁሉ ሰምታችሁ እንግዳ ነን ልትሉኝ አትችሉም።

ባለፈው እሑድ ከይታይሽ ጋር መሪጌታን ይዤ ወደ ዘጌ ሄድሁ። ያው ጀልባ፣ ያው ነጂ። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ሞተሩ አጠገብ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በትልልቁ እንዲህ ይላል፦ «በጉዞ ላይ ማጨስ፣ መቆምና ስሜትን መግለጽ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ይታይሽ ራሷን ትከሻየ ላይ ጣል አደረገች። ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመብኝና ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብየ፣

«ደህና ነሽ?» አልኋት።

ነጂውን ገልመጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ጣቷን አንሥታ ሰሌዳውን አሳየችኝ።